ጀበናው ውስጥ ቡና አልነበረም፦ ሕክምና ለምትጀምሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ዘንድሮ ነጭ ጋዋን ለብሳችሁ ወደ ሕመምተኛ አልጋ የምትቀርቡ፣ ፋርማሲ የምትቆሙ፣ ላብራቶሪ ውስጥ የምታመሹ ሁሉ ይህን ደብዳቤ ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡልኝ። በሐኪምነት ዘመኔ ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ፣ አንዲት እናት የነገሩኝን ሳልጽፍ መቅረቴ ነው።

እኒህ እናት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ነበሩ። የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው ቀዶ ጥገናውንም ኬሞውንም ጨርሰው፣ ሌትሮዞል የሚባለውን ክኒን በቀን አንድ አንድ መውሰድ ከጀመሩ ወራት አልፈዋል። ለክትትል መጥተው መረመርኳቸው፤ የደም ውጤታቸውም ደህና ነበር። ካርዳቸውን ልዘጋ ስል፣ «የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አሉኝ። «ባለፈው እሑድ ጎረቤቶቼን ቡና ጠርቼ ነበር። ቆላሁ፣ ወቀጥኩ፣ ጀበናውን ጣድኩ። ሲፈላ አውርጄ ስቀዳ ሲኒው ላይ የወረደው ነጭ ውሃ ነው። ለካ ቡናውን ሙቀጫው ውስጥ ትቼዋለሁ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ማታ ብቻዬን ስሆን ግን አለቀስኩ። የስልሳ ተማሪ ስም ዝርዝር በቃሌ የምይዝ ሰው ነበርኩ።»

«እማማ፣ ዕድሜ ነው፤ ሐሳብ አያብዙ» ብዬ ቀጠሮ ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ካርዱ ላይ የጻፍኩት «ቅሬታ የለም» የሚል ነው።

ክኒኑ ምን እንደሚሠራ እኮ አውቅ ነበር። ሌትሮዞል የሚያግደው አሮማቴዝ የተባለውን ኢንዛይም ነው። አሮማቴዝ 19 የካርቦን አቶም ያለውን «የወንድ ሆርሞን» ቴስቶስቴሮንን ተቀብሎ፣ አንዱን ካርቦን አስወግዶ ባለ 18 ካርቦኑን ኢስትራዲዮል ያደርገዋል። ኢስትራዲዮል «የሴት ሆርሞን» ከሚባሉት ኢስትሮጅኖች ሁሉ ብርቱው ነው። አብዛኛው የጡት ካንሰር በዚህ ሆርሞን ስለሚያድግ፣ ምንጩን ማድረቅ ሕይወት ያተርፋል። ያረጠች ሴት ኦቫሪዋ (የእንቁላል ማፍሪያዋ) ሥራ ካቆመ በኋላም ስቧ ውስጥ ኢስትሮጅን እንደሚሠራ ተምሬያለሁ። አንጎል ራሱ ኢስትሮጅን እንደሚሠራ ግን ፈተና ላይ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም መምህሮቼን አልጠየቅኩም።

ነገሩ ታውቆ ያደረ ነው። ፍሬደሪክ ናፍቶሊንና ባልደረቦቹ የሰው ጽንስ አንጎል አሮማቴዝ እንዳለውና ኢስትሮጅን መሥራት እንደሚችል ያሳዩት በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ያዘናጋን ስሙ ይመስለኛል። «የሴት ሆርሞን» ተብሎ ከተሰየመ በኋላ፣ ቦታው ማኅፀንና ጡት፣ ጉዳዩ የወር አበባና እርግዝና ብቻ ሆኖ ቀረ። የወንድ አንጎል ውስጥም አሮማቴዝ እንዳለ፣ ከወንዱ ቴስቶስቴሮን ላይ ከፊሉ እዚያው ወደ ኢስትሮጅን እንደሚለወጥ ሲነገረን እንኳ እንደ ልዩ ነገር ሰምተን አለፍነው።

በ1990 እ.ኤ.አ. ካትሪን ዉሊ ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ፣ በብሩስ ማክዩን ላብራቶሪ፣ ከጓደኞቿ ጋር የሴት አይጦችን ሂፖካምፐስ በማይክሮስኮፕ ታይ ነበር። ሂፖካምፐስ አዲስ ትውስታ የሚደራጅበት የአንጎል ክፍል ነው። እዚያ ያሉት የነርቭ ሴሎች ቅርንጫፎቻቸው ላይ እንደ ቁልቋል እሾህ የተሰካኩ ጥቃቅን ጉጦች አሏቸው፤ አንዱ ሴል ከሌላው መልእክት የሚቀበለው በአብዛኛው በእነዚህ ጉጦች ላይ ነው። የአይጧ የሆርሞን ዑደት አራት አምስት ቀን ነው። ኢስትሮጅን ከፍ ሲል ጉጦቹ ይበዛሉ፤ ሲወርድ በ24 ሰዓት ውስጥ 30 በመቶ ያህሉ ይቀንሳሉ። አንጎል በአንድ ቀን ይህን ያህል ይለዋወጣል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነበር።

ያ ጥናት ዓይኑን የጣለው ከኦቫሪ በሚመጣው ላይ ነበር። በኋላ ጀርመን ሀምቡርግ ውስጥ ጋብሪዬለ ሩነ የሂፖካምፐስ ሴሎችን ብቻቸውን በሳህን ላይ አሳደገች። ኦቫሪ በሌለበት፣ ደም በማይዞርበት ሳህን ላይ ሴሎቹ ኢስትራዲዮል ሠሩ። ሌትሮዞል ሲጨመርባቸው ጉጦቹ ቀነሱ። ይህን ሳነብ መምህርቷ ትዝ አሉኝ፤ ያው ክኒን ነው።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. ሉክ ሬሜጅ ሄሊ ዜብራ ፊንች በምትባል ትንሽ ወፍ ላይ ሠራ። ወንዱ ዜብራ ፊንች ዝማሬውን ከአባቱ እየሰማ ይማራል። በቀጭን ቱቦ ከአንጎሉ የመስሚያ ክፍል ፈሳሽ እየተቀዳ ሲለካ፣ ወፉ ዝማሬ ሲሰማ ኢስትራዲዮሉ እዚያው በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ አለ። እኛ ሆርሞን ስንማር በደም ተጉዞ ሰዓታትና ቀናት ወስዶ የሚሠራ ነገር ነው ተብለን ነበር።

በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የዳሬል ብራንና የባልደረቦቹ ሥራ ለእኔ የመጨረሻውን ጥርጣሬ አነሳው። ጆርጂያ፣ አሜሪካ ውስጥ ነው የተሠራው። የአሮማቴዝን ጂን ከአይጦች የፊት አንጎል የነርቭ ሴሎች ብቻ አጠፉት፤ ሌላው ሰውነት እንዳለ ነው። የዚያ አካባቢ ኢስትራዲዮል ከ70 እስከ 80 በመቶ ወረደ። ወንዶቹም ሴቶቹም አይጦች ሩጫቸው ደህና፣ ድፍረታቸው ደህና ሆኖ ሳለ፣ ቦታ ማስታወስና ያዩትን ዕቃ መለየት አቃታቸው። ኢስትራዲዮሉ ሲመለስላቸው ትውስታቸው ተሻሻለ።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። አይጥ አይጥ ነው። ሌትሮዞልና መሰሎቹን በሚወስዱ ሴቶች ላይ ከተደረጉት ጥናቶች አንዳንዶቹ የትውስታ ድክመት አይተዋል፤ ሌሎቹ ልዩነት አላገኙም። ኬሞው፣ የእንቅልፍ እጦቱ፣ ጭንቀቱም የራሱ ድርሻ አለው። ስለዚህ ማንንም ሴት ክኒኑን አቁሚ አትበሉ፤ ካንሰሩ ቢመለስ ትውስታ የሚይዝ ሰውም አይተርፍም። ለፈተና ብላችሁ የኢስትሮጅን ክኒን ፍለጋ የምትሄዱም ካላችሁ ተመለሱ። ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ ለሆኑ አሜሪካውያን ሴቶች ኢስትሮጅን ፕሮጀስቲን ከሚባል ሌላ ሆርሞን ጋር ተሰጥቶ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ የመርሳት በሽታው በእጥፍ ጨምሮ ተገኝቷል። አንጎል በሚፈልግበት ቦታና ደቂቃ የሚሠራው ሆርሞን፣ በአፍ ተውጦ ሰውነትን ሁሉ ከሚያጥለቀልቀው ጋር አንድ አይደለም።

የብራንን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ መምህርቷ ለቀጠሮ ሲመጡ ሁሉንም ነገርኳቸው። ክኒኑ ሊሆን እንደሚችል፣ ላይሆንም እንደሚችል፣ ያኔ ሳልሰማቸው በመቅረቴ ይቅርታ እንደምጠይቅ። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እኔን ያስለቀሰኝ ቡናው አይደለም፤ ራሴን መጠራጠሬ ነው። ይህን ያኔ ብትነግረኝ ደህና እተኛ ነበር» አሉኝ። ካርዳቸውን አውጥቼ «ቅሬታ የለም» የሚለውን ሰረዝኩና የሲኒውን ታሪክ እንደነገሩኝ ጻፍኩት።

እናንተ ከእኔ የተሻለ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ይህን ክኒን የምትጀምር ሴት ስትመጣ፣ ክኒኑን ከመዋጧ በፊት አሥር ቃላት አንብቡላት፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስንቱን እንደያዘች ጠይቁ። በስድስተኛው ወር ሌሎች አሥር ቃላት ይዛችሁ ድገሙት። ቁጥሩን ካርዷ ላይ ጻፉ፤ የምትላችሁን ደግሞ በራሷ አነጋገር። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ዝርዝር አትውሰዱ። ገበያና ጓዳ ውስጥ የሚነገር ቃል ይሁን።

እኔ የምጠቀምበትን የመጀመሪያ ዝርዝር የመረጡልኝ እኒያ መምህርት ናቸው። በቀይ እስክሪብቶ፣ ተማሪ በሚያርሙበት የእጅ ጽሑፍ ጽፈው ሰጡኝ። አራተኛው ቃል «ሙቀጫ» ነው።