መዋቅር ከመምረጥሽ በፊት ኢንዛይምሽን ለዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽ እንዲህ ነው። ጅማ ከሥጋ ቤት ጓሮ አፈር ወስደሽ ባሲለስ የተባለውን ባክቴሪያ አውጥተሻል። ወተት ባለው አጋር ላይ ዙሪያውን ጥርት ያለ ክብ ሠርቷል፤ ስለዚህ ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም ያመነጫል። አድቫይዘርሽ «ስለ መዋቅሩም ጻፊ» ብለውሻል፤ የኢንዛይሙን ሞለኪውል ቅርጽ ማለታቸው ነው። የፕሮቲን መዋቅሮች የሚቀመጡበት ፕሮቲን ዳታ ባንክ ገብተሽ ከክሪስታል የተገኙ ብዙ መዋቅሮች አገኘሽና «ሬዞሉሽኑ (የምስሉ ጥራት) የተሻለውን ልውሰድ ወይስ የራሴን ክሪስታል መሥራት አለብኝ?» አልሽ። እኔም እዚሁ ጅማ በተመሳሳይ ባክቴሪያ ላይ ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

የራስሽን ክሪስታል እርሺው። በጣም የጠራ ፕሮቲን በሚሊግራም ይፈልጋል፣ ኤክስሬይ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ፕሮቲዬዝ (ፕሮቲን የሚፈጨው ኢንዛይም) ተጠራቅሞ ሲቀመጥ እርስ በርሱ ይበላላል። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል፤ ጠዋት ስትመጪ አክቲቪቲው ወርዶ ታገኚዋለሽ።

በሬዞሉሽንም አትምረጪ። መጀመሪያ ኢንዛይምሽ የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ እወቂ። ባሲለስ ብዙ ጊዜ አንድ ፕሮቲዬዝ ብቻ አያወጣም። ለምሳሌ ባሲለስ ሰብቲሊስ ሰብቲሊሲንንም፣ ዚንክ ያለውን ኒውትራል ፕሮቲዬዝንም ወደ ውጭ ይለቃል። ፕሌቱ ላይ የሁለቱም ክብ ያው ነው። መዋቅራቸው ግን ጨርሶ አይገናኝም። የመጀመሪያው በሴሪን ይቆርጣል፤ ሁለተኛው ዚንክ በያዘው ውሃ።

መለያው ላብሽ ውስጥ ነው። ሱፐርናታንቱን (ባክቴሪያው ከተለየ በኋላ የሚቀረውን ፈሳሽ) ከፍለሽ አንዱን በፒኤምኤስኤፍ፣ አንዱን ብረት በሚነጥቀው ኢዲቲኤ ያዢ፤ ከዚያ በወተት ፕሮቲኑ በኬዚን አክቲቪቲውን ለኪ። ፒኤምኤስኤፍ ሴሪኑን ይዘጋል። የሚሟሟው በአይሶፕሮፓኖል ስለሆነ አይሶፕሮፓኖል ብቻ የገባበት ኮንትሮል አይቅር። መርዝ ነው፣ ጓንት አድርጊ። ውሃ ውስጥ ከገባ ቶሎ ይበላሻል። ፒኤች 8 ላይ፣ በ25 ዲግሪ፣ ግማሹ በ35 ደቂቃ ገደማ ያልቃል፤ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀዳ ማለት ነው። ስለዚህ ጠዋት በጥብጠሽ ከሰዓት አትጠቀሚው።

ብዙ ቴሲስ የሚሳሳተው ኢዲቲኤው ላይ ነው። «ኢዲቲኤ ሲገባ ቀነሰ፣ ስለዚህ የብረት ኢንዛይም ነው» ተብሎ ይጻፋል። ሰብቲሊሲንም እኮ ካልሲየም አለው! ካልሲየሙ አይቆርጥም፣ ቅርጹን አጽንቶ ይይዛል። ኢዲቲኤ እሱን ሲወስድበት ሰብቲሊሲኑ ይላላል፣ በተለይ ሙቀት ካለ። የበለጠ የሚለይልሽ ፌናንትሮሊን ነው፤ ዚንክን አጥብቆ ይይዛል፣ ካልሲየምን ብዙም አይነካም። ፒኤምኤስኤፍ ግማሹን፣ ፌናንትሮሊን ሌላውን ግማሽ ከቀነሱ ደግሞ ሁለቱም ኢንዛይሞች አሉሽ ማለት ነው።

ውጤቱ ወደ ሴሪን ካደላ የሰብቲሊሲንን ክሪስታል ክፈቺ። ቢፒኤን የተባለው የሰብቲሊሲን ዓይነት መዋቅር በ1969 በ2.5 አንግስትሮም ሬዞሉሽን (ቁጥሩ ሲያንስ ምስሉ ይጠራል) ወጥቷል። 275 አሚኖ አሲድ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ሦስቱ አስፓርቴት 32፣ ሂስቲዲን 64 እና ሴሪን 221 ናቸው። እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ከከብት ቆሽት የሚወጣው ካይሞትሪፕሲን ነው። አጠቃላይ ቅርጹ ፍጹም ሌላ ሆኖ ሳለ እነዚሁ ሦስት አሚኖ አሲዶች በተመሳሳይ አቀማመጥ አሉት። ዝምድና የላቸውም፤ ሁለቱም ለየብቻ እዚያው ደረሱ።

ወደ ዚንክ ካደላ የዚያን ቤተሰብ ቴርሞላይሲንን እዪ። መዋቅሩ በ1972 የታወቀ ነው። 316 አሚኖ አሲድ፣ አንድ ዚንክ፣ አራት ካልሲየም አለው። ዚንኩን የያዙት ሂስቲዲን 142፣ ሂስቲዲን 146 እና ግሉታሜት 166 ናቸው።

ፋይሉን ስትከፍቺ ከሬዞሉሽኑ በፊት «መቁረጫው ቦታ ላይ ምን ተቀምጧል?» ብለሽ ጠይቂ። 1ሲኤስኢ የሚባለው ፋይል ሬዞሉሽኑ 1.2 አንግስትሮም ነው፣ እጅግ ጥሩ። ነገር ግን ካርልስበርግ የተባለው የሰብቲሊሲን ዓይነት ኤግሊን ሲ በሚባል፣ ከአልቅት በተገኘ ፕሮቲን ታፍኖ ነው የሚታየው። ኢንዛይሙ የሚቆርጠውን እንዴት እንደሚይዝ ለማሳየት ግሩም ነው። ባዶ ኢንዛይም ነው ብለሽ ከጻፍሽ ግን ፈታኙ አይለቅሽም። 8ቲኤልኤን የተባለው ቴርሞላይሲን ውስጥም ቫሊንና ላይሲን የተያያዙበት ቁራጭ መቁረጫው ላይ ተቀምጧል። እዚያ ሰው አስቦ ያስገባው መድኃኒት አይምሰልሽ።

ቁጥሮቹም ያምታታሉ። ካርልስበርግ 274 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው ያለው፤ ከቢፒኤን ጋር ሲነጻጸር 56ኛው የለውም። ሰው ግን በቢፒኤን ቁጥር ስለሚጠራው፣ ሲቆጠር 220ኛ የሆነው ሴሪን 221 ይባላል። ከጂን ስትነሺ ደግሞ ሌላ ነው። የባሲለስ ሰብቲሊስ ሰብቲሊሲን ሲመረት ከፊቱ 29 የሲግናል እና 77 የፕሮፔፕታይድ አሚኖ አሲዶች አሉት፣ በኋላ ይቆረጣሉ። ስለዚህ ያው ሴሪን እዚያ 327ኛ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

አልፋፎልድን (መዋቅርን ከሲኩዌንስ የሚተነብየውን ፕሮግራም) ካሰብሽም፣ ዳታቤዙ ላይ ያሉት ሞዴሎች ዚንኩንም ካልሲየሙንም አያሳዩም፤ ቦታው ባዶ ነው። ደግሞም የራስሽን ኢንዛይም ሞዴል ለመሥራት የፕሮቲዬዙ ጂን ሲኩዌንስ ያስፈልግሻል። 16ኤስ የሚባለው ጂን የባክቴሪያውን ማንነት እንጂ የኢንዛይሙን አይነግርሽም።

ሲኩዌንሱ ከሌለሽ ቴሲስሽ ላይ «የኔ ኢንዛይም መዋቅር» አትበዪ። «በኢንሂቢተር (አፋኝ ኬሚካል) ውጤቱ መሠረት ከሰብቲሊሲን ቤተሰብ ይመስላል፤ የዚህ ቤተሰብ የታወቀ መዋቅር ይህ ነው» ብለሽ ሥዕሉን አስገቢ። ፋይሉ ትንሽ ነው፣ በሞባይል ዳታም ይወርዳል። የፒኤምኤስኤፉን ውጤት ስታገኚ እዚሁ ጻፊልን፤ ክሪስታሉን አብረን እንመርጣለን።