«ቲያትር አበዛሽ» ተባልኩ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። ከትምህርት ቤት ክበብ ጀምሬ ስድስት ዓመት መድረክ ላይ ሠርቻለሁ። ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ ለሚቀረጽ አጭር ፊልም ተመርጬ ሄድኩ። ገና በመጀመሪያው ቀን ዳይሬክተሩ «ቲያትር አበዛሽ፣ ቀንሺ» አለኝ። ስቀንስ ደግሞ «አሁን ሞትሽ» አለኝ። አንድ ሰው መድረክንም ፊልምንም መሥራት ይችላል? ወይስ አንዱን ልምረጥ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንዱንም እንዳትለቂ።

ወጋየሁ ንጋቱን አስቢ። ሀንጋሪ ሄዶ ቲያትር የተማረ፣ የለየለት የመድረክ ሰው ነው። እኛ ቤት ግን ማንም መድረክ ላይ አላየውም። የምናውቀው በሬዲዮ ነው፤ በ1958 የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በ«ከመጻሕፍት ዓለም» ፕሮግራም ሲተርክ። እናቴ ሬዲዮዋን መስኮቱ ላይ አድርጋ ምስር እየለቀመች ትሰማው ነበር፣ የመጽሐፉ ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳ መናገር ሲጀምር እጇ ሰፌዱ ላይ ቀጥ ይላል። እጁ አይታይ፣ ፊቱ አይታይ፤ በድምፅ ብቻ ነው እንግዲህ። ደበበ እሸቱም ሀንጋሪ ተምሮ፣ ከመድረኩ ሌላ በፈረንጆቹ 1973 በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ላይ ተውኗል። በ2010 ያጣነው ፍቃዱ ተክለማርያምም ከመድረክ እስከ ቴሌቪዥን ድራማ፣ እስከ መጽሐፍ ትረካ ድረስ ሠርቷል።

ወደ አንቺ ልመለስ። «ቀንሺ» ስትባይ የቀነስሽው ስሜቱን ይመስለኛል፤ «ሞትሽ» ያሰኘሽም እሱ ነው። መቀነስ ያለበት ርቀቱ ነው። ደሴ ፒያሳ ቆመሽ ጦሳ ተራራ ላይ ያለ ሰው ስትጠሪና ረከቦት ማዶ ለተቀመጠች ጓደኛሽ ስታወሪ ንዴትሽ ያው ንዴት ነው፣ የሚለየው ድምፅሽና እጅሽ ነው። መድረክ ላይ መጨረሻ ወንበር ላለው ሰው ነው የምትሠሪው። ካሜራው ግን ፊትሽ ላይ ነው፣ ማይኩም ልብስሽ ውስጥ ተደብቋል። ቅንድብሽን ትንሽ ብታነሺ ስክሪኑን ይሞላዋል።

ሌላው የመድረክ ልጆችን የሚያስቸግረው ነገር መደጋገሙ ነው። መድረክ ላይ ታሪኩ ከተጀመረ እስኪያልቅ ይፈሳል። ፊልም ላይ መጨረሻው ጠዋት፣ መጀመሪያው ከሰዓት ሊቀረጽ ይችላል፤ አንዱን ትዕይንትም ከተለያየ አቅጣጫ ደጋግመው ያነሱታል። «አልሄድም» ስትይ ሲኒውን ካነሳሽ፣ በሚቀጥለውም ቀረጻ እዚያችው ቃል ላይ ማንሳት አለብሽ፣ አለዚያ ኤዲተሩ ሁለቱን ማገናኘት ይቸግረዋል።

ዛሬ ማታ ስልክሽን ረከቦቱ ማዶ አቁሚና የምትወጂውን የመድረክ ቃለ ተውኔት ለአንድ ሰው ብቻ እንደምትነግሪ ሆነሽ ተቀረጪ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተሽ እዪው፣ ዓይንሽ ከቃሉ ቀድሞ ማሰቡን ለማየት። ቀጥሎ ምስሉን ሳታዪ ስሚው። ሦስት ጊዜ ቅረጪ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሲኒውን እዚያው ቃል ላይ አንሺ።