የሸክላ ቅርጽ ለጀመራችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የመጡት በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በአቃቂና በለገጣፎ ዙሪያ በሸክላ ቅርጽ መሥራት ከጀመሩ ወጣቶች ነው።

ጥ፦ ለቅርጽ ሥራ ግዴታ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መግባት አለብኝ?

መ፦ በአዲስ አበባ ያለው «አለ» የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዓይንህን ይገራልሃል፤ የሰውነት ክብደት የት እንደሚያርፍ ታያለህ። ጭቃውን በደንብ የሚያውቁት ግን በአዲስ አበባ የቀጨኔ ሰፈር ሸክላ ሠሪ እናቶች ናቸው። የጀበናን ቀጭን አንገት በእጅ ብቻ የምታቆም ሴት ስለ ግድግዳ ውፍረት ከማንም በላይ ታውቃለች። ሄደህ ተማር። ለጊዜያቸው ክፈል፤ ሥራህን ስታሳይም ከማን እንደተማርክ ተናገር። ይህን እውቀት ያቆዩት «ቡዳ» እየተባሉ ሲገለሉ የኖሩ ባለሙያዎች ናቸው።

ጥ፦ የአቃቂ ጥቁር አፈር ይሆናል?

መ፦ ብቻውን አይሆንም። ይህ ጥቁር አፈር፣ ዋልካ፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በበጋ ማሳው ላይ የሚያዩት ስንጥቅ ቅርጽዎም ላይ ይወጣል። ማንኛውንም አፈር እንዲህ ይፈትኑት፦ 1 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ጭቃ ላይ ልክ 10 ሴንቲሜትር መስመር ያስምሩና ያድርቁት። መስመሩ 9.2 ከሆነ ጭቃው 8 በመቶ ጠቧል፤ ይህ ይሠራል። ከ10 በመቶ በላይ ከጠበበ ገል ይጨምሩ። የተሰበረ ምጣድ ወቅጠው ይንፉ፤ ለአራት እጅ ደረቅ አፈር አንድ እጅ ገል ለመነሻ ይበቃል። ሲወቅጡ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል።

ጥ፦ 40 ሴንቲሜትር የሚሆን የራስ ቅርጽ እሳት ውስጥ ፈነዳብኝ። አየር ታፍኖበት ነው?

መ፦ አየር ብቻውን አያፈነዳም፤ የሚያፈነዳው ውሃ ነው። ወፍራም ጭቃ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆናል፤ ሲሞቅ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ይሰብረዋል።

ስለዚህ ሥራው ከእሳቱ በፊት ይጀምራል። ቅርጹ ጣት ሲጫኑት የማይሰረጉድ፣ ቢላ ግን የሚቆርጠው ሲሆን አናቱን በቀጭን ሽቦ ይቁረጡ፤ ግድግዳው ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር እስኪቀር ውስጡን ይፈልፍሉ። የአንዱ ቦታ ውፍረት የሌላው እጥፍ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ አፍንጫና አገጭ ሁልጊዜ የሚረሱ ናቸው። አናቱን መልሰው ያጣብቁ፣ ከሥር ቀዳዳ ይተዉ። ከዚያ በስስ ላስቲክ ሸፍነው ቀስ ብለው ያድርቁ፦ በበጋ ሁለት ሳምንት፣ በክረምት አራትና ከዚያ በላይ። ጉንጭዎ ላይ ሲያስጠጉት ከቀዘቀዘ ገና ነው።

እቶን ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ከ100 ዲግሪ በታች ያቆዩት። የእቶኑ ቀዳዳ ላይ መስታወት ይያዙ፤ ካላበው ውሃ አለ፣ እሳት አይጨምሩ። ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ያለውንም በዝግታ ይለፉ፤ 573 ላይ በአፈሩ ውስጥ ያለው የኳርትዝ አሸዋ መጠኑን ስለሚለውጥ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ይሰነጥቃል። 950 አካባቢ ሲደርስ ያቁሙ፤ በማግስቱ እንጂ ትኩሱን አይክፈቱ።

ጥ፦ የቅርጼ ክንድ ከትከሻው ሁልጊዜ ይላቀቃል።

መ፦ ሁለቱ እኩል እርጥበት የላቸውም። እርጥቡ የበለጠ ስለሚጠብ ይገነጠላል። በአንድ ላስቲክ አንድ ሌሊት አቆይተሽ ሁለቱንም በሹካ ጫሪ፣ ያንኑ ጭቃ በውሃ አቅጥነሽ ቀቢ፣ እስኪጨመቅ ተጫኝ፤ ዙሪያውን በቀጭን ጥቅል ጭቃ ደርቢ።

ጥ፦ ውስጡ ሽቦ ብተውስ?

መ፦ ለሚተኮስ ቅርጽ አይሆንም። ጭቃው ሲጠብ ሽቦው አይጠብም። በጋዜጣ ሙላው፤ ከውጭም ከዚያው ጭቃ የተሠራ ድጋፍ አቁም፣ አብሮት ይጠባል።

ጥ፦ የቀጨኔን ጥቁር ቀለም እንዴት ላግኝ?

መ፦ ሳይደርቅ በለስላሳ ድንጋይ አሽተሽ አንጸባርቂው፤ ሲተኮስ ገና ሳይቀዘቅዝ በረጅም መቆንጠጫ አውጥተሽ ገለባ ወይም የባህር ዛፍ ቅጠል ውስጥ ቅበሪው፣ አፍኚው። ጥቁረቱ ወደ ሸክላው የገባው ጥላሸት ነው። ይህ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ገል የበዛበትንና ስስ የሆነውን ይምራል እንጂ ወፍራሙን አይምርም፤ ትልቁን ቅርጽ ከእቶኑ ሳታወጪ እዚያው ማፈን ይሻላል። ብርድ ልብስ የሚያክል ነበልባል ስለሚነሳ ከቤትና ከአጥር ርቀሽ፣ ውሃ አጠገብሽ አድርገሽ ሥሪ።