ዘኬዎስ ከዛፉ ከወረደ በኋላ

ልጆቼ፣

ዐቢይ ጾም ሲገባ የንስሐ አባቶች ደጅ በወጣት ይሞላል። በስቅለት ዕለትማ ጥብጣብ ተቀብሎ የስግደት ቁጥር የሚጠብቀው ሰልፍ ማብቂያ የለውም። እሰየው ያሰኛል። እኔን የሚያሳስበኝ የፋሲካ ማግስት ነው። ብዙዎቻችሁ ማልቀሱን ትችሉበታላችሁ፤ ከልቅሶው በኋላ ሥራ ሲገባ፣ ደመወዝ ሲወጣ፣ ስልክ ሲከፈት ምን እንደሚደረግ ግን ቁጭ ብሎ የነገራችሁ ሰው የለም።

የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19ን ክፈቱ። ዘኬዎስ በኢያሪኮ የቀራጮች፣ ማለትም የግብር ሰብሳቢዎች፣ አለቃ ነበር። ቀራጭ ከታዘዘለት በላይ አስከፍሎ ትርፉን ለራሱ እንደሚያደርግ አገር ያውቀዋል፤ መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮችን «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» ያላቸውም ለዚሁ ነው። ቁመቱ አጭር ስለሆነ ጌታን ለማየት ሾላ ላይ ወጣ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ጌታ በስሙ ጠርቶት «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛልና ፈጥነህ ውረድ» ያለው ሰውዬው ገና አንዲት ሳንቲም ሳይመልስ ነው። ጫቱን ስተው፣ ከልጅቷ ጋር ስለያይ፣ ትንሽ ሰው ስሆን እቀርባለሁ እያላችሁ ዓመታት የምትገፉ፣ ይህችን ቁጥር ደጋግማችሁ አንብቡ። እንዲህ ያለ ቀጠሮ ደርሶ አያውቅም።

ጌታ ቤቱ ከገባ በኋላ ደግሞ ዘኬዎስ ቆሞ የተናገረውን እዩ። ስለ ጸጸቱ አንድ ቃል አላወጣም፤ ሒሳብ ነው የተናገረው። ካለው ሁሉ እኩሌታው ለድሆች፣ የበደለው ሰው ካለ አራት እጥፍ። ኦሪት ዘኍልቍ 5፥7 ኃጢአቱን ተናዝዞ ለሚመልስ ሰው ያዘዘው ዋናውን ከነአምስተኛው ነው። አራት እጥፍ የተጻፈው በግ ሰርቆ ላረደ ወይም ለሸጠ ሌባ ነው (ዘጸአት 22፥1)። ማንም ሳያስገድደው ራሱን በሌባ ሕግ ፈረደበት። ክርስቶስ ወደ አንድ ሰው ቤት መግባቱ በምን ይታወቃል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በመዝሙር ጊዜ ከሚፈሰው እንባ ይልቅ ይህን አምናለሁ።

ወደ እናንተ ልምጣ። የንስሐ አባት ከሌላችሁ ከአጥቢያችሁ ካህናት አንዱን ያዙ። ለንግሥ በሄዱበት ገዳም ዳግመኛ ለማያዩት አባት መናዘዝ ለምን እንደሚቀል ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚከታተል የለም። ኑዛዜው ቢደረግም ከወር በኋላ «እንዴት ሆንክ ልጄ?» የሚል አባት ከሌለ የጀመራችሁት በቶሎ ይላላል።

ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ማታ ለብቻችሁ ተቀመጡ። መዝሙረ ዳዊት 50ን («አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» የሚለውን) በቀስታ ድገሙና ወረቀት አውጡ። ስልክ ላይ አትጻፉ፤ ስልክ ይጠፋል፣ እህት ወንድምም ይከፍተዋል። ለእያንዳንዱ በደል አራት ነገር ይበቃል፤ ምን እንደሆነ በስሙ፣ ስንት ጊዜ ወይም ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ ማን እንደተጎዳበት፣ አሁን ቆሞ እንደሆነና እንዳልሆነ። «አባቴ፣ ያልሠራሁት ኃጢአት የለም» ማለት ሐኪም ፊት ቀርቦ «አሞኛል» ብሎ ዝም እንደማለት ነው። የዝሙትን ዝርዝር መተረክና የሌላውን ሰው ስም ማንሳትም አያስፈልግም፤ የምትናዘዙት የራሳችሁን ነው። ዳዊት ነቢዩ ናታን በገሠጸው ጊዜ ቤርሳቤህን አላነሣም፤ «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለ፣ በቃ። «ጓደኛ ገፋፍቶኝ» የምትሉትን ዐረፍተ ነገር ከወረቀቱ ላይ ሰርዙት። ስትጨርሱ ወረቀቱን አቃጥሉ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ተገድዳ የተደፈረች ልጅ፣ በልጅነቱ ትልቅ ሰው የበደለው ልጅ፣ ያንን እንደ ራሱ ኃጢአት ተሸክሞ እንዳይመጣ። የዚያ ንስሐ ዕዳ የበዳዩ ነው። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ግን ለመጽናናትና እርዳታ ለማግኘት።

ቀኖናው ብዙ አያስጨንቃችሁ። ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደት፣ ምጽዋት ሊሆን ይችላል፤ እንደ አቅማችሁ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ጨጓራ ካለባችሁ፣ የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ እዚያው ተናገሩ፤ እቤት ገብታችሁ በራሳችሁ አትቀንሱ። ለምሳሌ በቀን 41 ስግደት ለሰባት ቀን ቢባል 287 ይሆናል። እሑድና ከፋሲካ በኋላ ባሉት የበዓለ ኀምሳ ቀናት ስለማይሰገድ ሰባቱ ቀን በሰባት ቀን ላያልቅ እንደሚችል ከወዲሁ ዕወቁ። ቀኖናው አልቆ አባታችሁ ሲፈቅዱላችሁ ወደ ቅዱስ ቁርባን ትቀርባላችሁ። በፊቱ 18 ሰዓት ይጾማል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚቆርብ ሰው ከዋዜማው ቀን 9 ሰዓት ጀምሮ እህልም ውኃም አይቀምስም ማለት ነው።

አሁን ሁሉም ወደሚሸሸው ነገር ደረስን፤ መመለስ። ስግደት የሚሰግድ ሞልቷል፣ ገንዘብ የሚመልስ ግን ስንት አለ?

የሰው ገንዘብ ካለባችሁ የባለቤቱን ስምና መጠኑን ጻፉ። 10,000 ብር ከሆነ በኦሪቱ ስሌት 12,000 ነው። በአንድ ጊዜ የማይቻል ከሆነ በወር 1,000 እያላችሁ በዓመት ትጨርሱታላችሁ፤ ዋናው የመጀመሪያው 1,000 በዚህ ወር መውጣቱ ነው። ፊት ለፊት ለመስጠት ከከበዳችሁ በአባታችሁ በኩል ስማችሁ ሳይነሣ ሊደርስ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ባለቤቱ ከሞተ ለወራሾቹ፤ ወራሽ ከሌለ ለእግዚአብሔር ተሰጥቶ ለካህኑ እንዲሆን ዘኍልቍ 5፥8 ይላል። ባለቤቱ በሕይወት እያለ ግን የወሰዳችሁበትን ለነዳያን አትስጡ፤ ያ በሰው ገንዘብ መመጽወት ነው። ዋጋው በተጋነነ ደረሰኝ ከመሥሪያ ቤት የተወሰደም እንዲሁ ባለቤት አለው። ጉዳዩ ወንጀል ሊሆን የሚችል ከሆነ ከአባታችሁ ቀጥሎ ጠበቃ አማክሩ። ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ማለታቸው የፍርድ ቤትን ጉዳይ አይዘጋም።

ከገንዘብ የሚከብዱም አሉ። ወልዶ የካደ ወጣት ዓመቱን ሙሉ ቢጾም፣ ልጁን አባት ነኝ ብሎ ቀለቡን መስጠት እስካልጀመረ ድረስ መንገድ አልገባም። በሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የተቀጠረ ሰው ኃጢአቱ የዛሬ አምስት ዓመት ያለቀ ይመስለዋል፤ ወረቀቱ የግል ማኅደሩ ውስጥ እስካለ ድረስ ግን በየወሩ ከደመወዙ ጋር ይታደሳል። የሰውን ስም በቴሌግራም ግሩፕ ያጠፋ፣ ለብቻው ደውሎ ይቅርታ መጠየቁ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ሐሰቱን እዚያው ግሩፕ ውስጥ ማፍረስ አለበት፤ ሁለት መቶ ሰው ያነበበውን አንድ ስልክ አይመልሰውም። አንዳንድ በደል ደግሞ ለተበዳዩ ቢነገር ሌላ ጉዳት የሚያመጣ ነው፣ በተለይ በትዳርና በእጮኝነት። እዚህ ላይ አባታችሁን ሳታማክሩ አፋችሁን አትክፈቱ።

የመውደቂያውን መንገድ መዝጋትም አለ። ጌታ ርኩስ መንፈስ ከወጣለት በኋላ ተጠርጎ ባዶ ስለቀረው ቤት የተናገረውን ታስታውሳላችሁ፤ ሰባት የባሱ መናፍስት ገቡበት። የውርርድ አፕሊኬሽን ማጥፋት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታው ሲጀመር የት እንደምትውሉ ካልወሰናችሁ ግን በሳምንቱ መልሳችሁ ትጭኑታላችሁ። ውድቀቱ ማታ አልጋ ላይ በስልክ ከሆነ ቻርጀሩን ሳሎን አስቀሩት። ለዓመታት በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው ደግሞ ስእለት ገባሁ ብሎ በአንድ ቀን አያቁም፤ መንቀጥቀጥና መውደቅ ሊያመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። ሐኪም እያየው ያቁም። ጠበልና ሐኪም አይጣሉም።

እንዲህ ስለ መመለስ አጥብቄ ስጽፍ ሒሳብ የዘጋ ሁሉ ንስሐ የገባ እንዳይመስላችሁ። ይሁዳን ተመልከቱ። ተጸጸተ፤ 30ውን ብር መለሰ፤ «ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ» ብሎ በአፉ ተናገረ። ማቴዎስ 27 ላይ አለ። ከላይ ከዘረዘርኩት ብዙውን አድርጓል። ወደ በደለው ጌታ ግን አልሄደም፤ ወደ ገመድ ሄደ። ጴጥሮስ በዚያችው ሌሊት ሦስት ጊዜ ካደ። ጌታ ዘወር ብሎ አየው፤ ወጥቶም ምርር ብሎ አለቀሰ። ነገር ግን ከወንድሞቹ አልተለየም፤ ጌታ መነሣቱን ሲሰማም ወደ መቃብሩ ሮጠ። በጥብርያዶስ ባሕር ዳር «ትወደኛለህን?» ተብሎ ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፣ እንደ ካደበት ቁጥር። ጥያቄው አሳዘነው፤ «በጎቼን ጠብቅ» የሚለው አደራ የተሰጠው ግን ከዚሁ ጋር ነው።

ስለዚህ ኀዘናችሁን ወዴት እንደሚወስዳችሁ እዩ። ወደ ጸሎት፣ ወደ ሰው፣ ወደ ሥራ ከወሰዳችሁ ደግ ነው። ከሰው ከለያችሁ፣ እንቅልፍ ከነሳችሁ፣ «የእኔ ኃጢአት ይቅር አይባልም» ካሰኛችሁ ተጠንቀቁ። መሞትን ካሳሰባችሁ በዚያኑ ቀን ለአባታችሁም ለቤተሰብም ንገሩና ወደ ሐኪም ሂዱ፤ እስከ እሑድ አታቆዩት።

ደግሞ ትወድቃላችሁ። በወደቃችሁ ማታ ማድረግ ያለባችሁ ጥቂት ነው። ቢመሽም ተነሥታችሁ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ፣ በማግስቱ ለአባታችሁ ደውሉ፣ በዚያ ሳምንት ከቅዳሴ አትቅሩ። «አንዴ ከተበላሸ» እያሉ እስከሚቀጥለው ጾም መጠበቅ አንዱን ውድቀት የስድስት ወር ያደርገዋል። የተሰጣችሁ ቀኖና እኩሌታው ላይ የቆመ ከሆነ አፍራችሁ አትጥፉ። የስግደቱ ቁጥር ከተምታታባችሁ የምታስታውሱትን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከየት እንደምትቀጥሉ አባታችሁ ይነግሯችኋል።