አንድ ጊዜ ጽፎ በየማኑዋሉ መጠቀም፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአራት ሞዴል የውሃ ፓምፕ ማኑዋል አለን። ማስጠንቀቂያው በየማኑዋሉ ኮፒ ፔስት ስለሆነ አንዱ ሲታረም ሦስቱ ይረሳሉ። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ሶፍትዌር ከመምረጣችሁ በፊት አራቱንም አትማችሁ ጎን ለጎን አንብቡ። በሦስት ቀለም ለዩ፦ ቃል በቃል አንድ የሆነው፣ አንድ መሆን ሲገባው አባባሉ የተለያየው፣ በእውነት የሚለያየው። ትርፉ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። አንዱ ማኑዋል «ያጥፉ»፣ ሌላው «ሶኬቱን ይንቀሉ» ካለ ቴክኒሻኑ ሁለት ትእዛዝ አነበበ ማለት ነው፤ ማጥፋትና መንቀል ደግሞ አንድ አይደለም። ትክክለኛውን መሐንዲሱ ይምረጥ፤ ማጋራቱ ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ያለን ዎርድ ብቻ ነው። ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። የጋራውን ጽሑፍ በአንድ ፋይል ሰብስቡና ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቡክማርክ፣ ማለትም መጀመሪያና መጨረሻውን የሚያመለክት ስም፣ ስጡት። የቡክማርኩ ስም በፊደል ይጀምር፣ ክፍተት አይኑረው። ማኑዋሉ ላይ ከኢንሰርት ወደ ኩዊክ ፓርትስ፣ ከዚያ ፊልድ ገብታችሁ ኢንክሉድቴክስትን (የሌላ ፋይል ጽሑፍ የሚያስገባውን ትእዛዝ) ምረጡ፤ የፋይሉን አድራሻና የቡክማርኩን ስም ጻፉ። ከማተም በፊት በኮንትሮል-ኤ ሁሉንም ምረጡ፣ ቀጥሎ በኤፍ9 አድሱት።

ፎልደሩን ያዛወረ ሰው አድራሻውን ይሰብረዋል። ከቡክማርኩ መዝጊያ በኋላ የተጨመረ ዓረፍተ ነገር ወደ ማኑዋሉ አይገባም፤ ይህ በተለይ ክፉ ነው፣ ምክንያቱም ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም። ኮንትሮል-ሺፍት-ኤፍ9 የተጫነ ደግሞ ግንኙነቱን በጥሶ ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ የዕቃውን ስም ብቻ እየተካን አንዱን ዓረፍተ ነገር ለሁሉም ብናደርግስ? በእንግሊዝኛው ማኑዋል ሠርቶልናል።

መልስ፦ በአማርኛ አይሠራላችሁም። ከፊት የሚቀጠለው አያስቸግርም፦ «ለፓምፕ»፣ «ለባትሪ» ሁለቱም ይገጥማሉ። ጣጣው ጫፉ ላይ ነው። «ባትሪ» «ባትሪው» ይሆናል፤ «ፓምፕ» ግን «ፓምፑ»። ፊደሉ ራሱ ስለሚለወጥ ፕሮግራሙ «ፓምፕው» ብሎ ያትምላችኋል። ብዙ ቁጥር ከሆነ ፕ ወደ ፖ ይሄዳል፣ ግሡም ተከትሎ «ይበራል» የነበረው «ይበራሉ» ይሆናል።

ስም መተካት ግዴታ ከሆነ መውጫው «ይህ» ነው። «ፓምፑን ከመክፈትዎ በፊት» በማለት ፈንታ «ይህን ፓምፕ ከመክፈትዎ በፊት» ካላችሁ ስሙ ሳይነካ ባትሪም ማጣሪያም ይገባበታል። በአንድ ገጽ አሥር «ይህን» ግን ጆሮ ይሰለቻል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያና የሥራ ቅደም ተከተል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ወይም ሙሉ አንቀጽ ሆኖ ይጋራ፤ ቃል አይጋራ።

ጥያቄ፦ አንዱ ሞዴል 220 ቮልት፣ ሌላው 380 ቢሆንስ?

መልስ፦ ቁጥሩን ከዓረፍተ ነገሩ አውጥታችሁ በየሞዴሉ ሠንጠረዥ ውስጥ አስቀምጡት። የጋራው ጽሑፍ «በሠንጠረዡ የተመለከተውን ቮልቴጅ ብቻ ይጠቀሙ» ይበል።

ጥያቄ፦ ዲታ የሚባለው ያስፈልገናል?

መልስ፦ ለአራት ማኑዋልና ለአንድ ቋንቋ አይመስለኝም። ዲታ አይቢኤም ውስጥ ተወልዶ በ2005 እ.ኤ.አ. የኦኤሲስ (መስፈርት አውጪ ድርጅት ነው) መስፈርት የሆነ፣ በኤክስኤምኤል (ጽሑፉን በምልክት እየከፋፈለ የሚያስቀምጥ የፋይል ቅርጸት) ላይ የቆመ የማኑዋል አጻጻፍ አሠራር ነው። ኮንሬፍ በሚባለው መንገድ አንድን ቁራጭ በመለያው ጠርቶ ሌላ ቦታ ያስገባል። መለያውን የቀየረ ሰው ጠሪዎቹን ሁሉ ያፈርሳል። ቋንቋው ሲበዛ፣ ከአንዱ ምንጭ ፒዲኤፍም ድረ ገጽም ማውጣት ሲያስፈልግ ያን ጊዜ ተመልከቱት። አሁን ከዲታ የሚጠቅማችሁ ጽሑፉን በሦስት መክፈሉ ነው፦ ምንነት፣ አሠራር፣ ማጣቀሻ። እሱን በዎርድም መልመድ ይቻላል።

ጥያቄ፦ የጋራው ፋይል ውስጥ መግባት የሌለበት ምንድን ነው?

መልስ፦ «ከላይ እንደተገለጸው»፣ «በቀጣዩ ምዕራፍ» የሚሉት። ቁራጩ ሌላ ማኑዋል ውስጥ ሲገባ ከላዩ ምን እንዳለ አታውቁም። ሆሄያትንም አንድ አድርጉ፤ አንዱ ጋ «ኃይል»፣ ሌላው ጋ «ሀይል» ከተጻፈ ፍለጋው ግማሹን ያልፈዋል፣ የትርጉም ማከማቻውም (ቀድሞ የተተረጎመውን ዓረፍተ ነገር የሚያስቀምጠው) ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንደ አዲስ ይቆጥረዋል።