ቀጥሎ ምን ላንብብ ለምትሉ የባሕር ዳር ልጆች

የተወደዳችሁ ወጣት አንባቢዎች፤

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሠራ የኖረ ሰው ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች ሁሉ «እንደዚህኛው ያለ ሌላ መጽሐፍ አለ?» የሚለው ይከብደዋል። ጠያቂው ከዩኒቨርሲቲው ከፔዳ ግቢም ይምጣ ከፖሊ፣ ወይም ገና የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ይሁን፣ አንድ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ወይም ፋንታሲ (አስማትና ምናባዊ ዓለም ያለበት ታሪክ) እንቅልፍ አጥቶ ጨርሷል፤ አሁን ሌላ ይፈልጋል። መጽሐፍስ ሞልቷል። የሚቸግረው ከጨረሰው መጽሐፍ ውስጥ ምኑን እንደወደደው ገና አለማወቁ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ለየት ያለ ካለ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ያለቀውን መጽሐፍ መልሳችሁ ክፈቱ። «ነገ ፈተና አለብኝ፣ ግን ይህን ምዕራፍ ሳልጨርስ አልተኛም» ያሰኛችሁን ቦታ ፈልጉና እዚያ ገጽ ላይ ምን እየሆነ እንደነበረ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ብዙ ጊዜ ከአራት ነገሮች አንዱ ይወጣል። ዓለሙ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ካርታው፣ ያለፈ ታሪኩ፣ አስማቱ የሚሠራበት ሕግ። ወይም ሐሳቡ ነው፤ «እንዲህ ቢሆንስ ምን ይከተላል?» የሚለው። ወይም የምትሳሱለት አንድ ሰው። ወይም አንድ ችግር ቋጠሮው በየተራ ሲፈታ ማየቱ። አራቱንም አሟልቶ የያዘ መጽሐፍ አለ፤ እናንተን የያዛችሁ ግን በአብዛኛው አንዱ ነው፤ ፍለጋው ከእሱ ይጀምራል።

የአንዲ ዊየርን «ዘ ማርሺያን» እንውሰድ። ማርስ ላይ ብቻውን የቀረ ጠፈርተኛ ድንች እያበቀለ፣ ውኃውንና ምግቡን እያሰላ ለመኖር ይታገላል። አንዱ አንባቢ ስሌቱን ይወዳል፤ ሌላው ብቸኝነቱን፤ ሦስተኛው ማርስን። ሦስቱም «የጠፈር ልብ ወለድ» ብለው ቢፈልጉ በብዛት የሚመጣላቸው የመርከቦች ጦርነት ነው፤ ሦስቱም አዝነው ይመለሳሉ። ስሌቱን የወደደ ሰው ሳይንሱ በጥብቅ የሚጠበቅበትን፣ «ሃርድ ሳይንስ ፊክሽን» የሚባለውን ክፍል ይፈልግ፤ የዚያው ደራሲ «ፕሮጀክት ሄይል ሜሪ» (2021) ቅርቡ ነው። ማርስን የወደደ የኪም ስታንሊ ሮቢንሰንን «ሬድ ማርስ» (1992) ይያዝ፤ ወፍራምና ዝግ ያለ ነው፤ ግን ሰዎች ፕላኔቷን እንዴት እንደሚሰፍሩባት፣ በምን እንደሚጣሉ ከሥር ከመሠረቱ ያሳያል። ብቸኝነቱን የወደደው ደግሞ ጠፈር ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል። ለእሱ የሱዛና ክላርክ «ፒራኔሲ» (2020) ይሻለዋል፤ ማለቂያ በሌለው ቤት ውስጥ፣ በሐውልቶችና በባሕር ማዕበል መካከል የሚኖር ሰው ታሪክ ነው። መጽሐፍ ሻጭ እነዚህን ሦስቱን በአንድ መደርደሪያ አያስቀምጣቸውም። ስለዚህ «ፋንታሲ» ወይም «ሳይንስ ፊክሽን» የሚለው የመደርደሪያ ስም ሩቅ አያደርሳችሁም።

ከፊልም ተነስታችሁ ከሆነ መንገዱ ያጥራል። በፊልሙ መጨረሻ በሚያልፈው ጽሑፍ ላይ ታሪኩ ከማን ሥራ እንደተወሰደ ይጻፋል። «አራይቫል» (2016) ለምሳሌ ከቴድ ቺያንግ የ1998 ሥራ የተወሰደ ነው፤ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይነበባል።

የአንባቢዎችን አስተያየት ስታዩ አምስት ኮከብ የሰጠውንም አንድ ኮከብ የሰጠውንም ተዉት። የመጀመሪያው ያመሰግናል፣ ሁለተኛው ይሳደባል፤ መጽሐፉ ምን እንደሆነ አይነግሯችሁም። ሦስት ኮከብ የሰጠው ሰው ግን የወደደውንም ያልወደደውንም ለይቶ ይጽፋል። «የፖለቲካ ሴራው በዝቶ ጦርነቱ አነሰ» ብሎ ካማረረና እናንተ የምትወዱት ሴራ ከሆነ፣ መጽሐፉ ተገኘ ማለት ነው። የመጨረሻዎቹን አንቀጾች ግን አታንብቡ፤ ፍጻሜውን የሚያወጡት እዚያ ላይ ነው። ሽፋን ላይ የታተመ የሌላ ደራሲ ሙገሳ ደግሞ ማስታወቂያ ነው፤ አትመኑበት።

ሽልማትም ይመራል፤ ማን እንደሚሸልም ካወቃችሁ። ሁጎ በ1953 የተጀመረ ሲሆን ድምፅ የሚሰጡት የዓለም የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ አባላት ናቸው፤ ስለዚህ የአንባቢ ምርጫ ነው። ኔቡላን የሚመርጡት ደራሲዎች ራሳቸው ናቸው፤ የወርልድ ፋንታሲ ሽልማትን የሚወስኑት ጥቂት ዳኞች ናቸው። ለአፍሪካውያን ደራሲዎች የተለየው ኖሞ ከ2017 ጀምሮ ይሰጣል፤ በእኔ አስተያየት ለእናንተ ከሁሉም ቀድሞ ሊታይ የሚገባው እሱ ነው። አሸናፊውን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ሁጎ ከ2017 ወዲህ በየዘርፉ ስድስት እጩዎችን ያወጣል፤ ለእናንተ የሚሆነው አራተኛው ወይም አምስተኛው ሊሆን ይችላል። ደግሞም አሸናፊው የተከታታይ ታሪክ ሦስተኛ ክፍል ሊሆን ይችላል። ኤን ኬ ጀሚሲን በ2016፣ በ2017 እና በ2018 ሁጎን በተከታታይ የወሰደችው በአንድ ታሪክ ሦስት ክፍሎች ነው፤ የ2018ቱን አሸናፊ ብቻ ገዝቶ የጀመረ ሰው ምንም ሳይገባው ይዘጋዋል።

ለዚህ መድኃኒቱ «የኢንተርኔት ስፔኩሌቲቭ ፊክሽን ዳታቤዝ» የሚባለው ነጻ መዝገብ ነው። የመጽሐፉን ስም ስታስገቡ የትኛው ተከታታይ ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ፣ መጀመሪያ በስንት ዓመት እንደታተመ፣ ልብ ወለድ ይሁን የአጫጭር ታሪኮች ስብስብ ያሳያል። ሁለት ቅደም ተከተል ታገኛላችሁ፤ የኅትመትና የታሪኩ ዘመን። ደራሲዎች ቆይተው ወደ ኋላ ተመልሰው የጥንቱን ዘመን ይጽፋሉ፤ የአይዛክ አሲሞቭ «ፋውንዴሽን» በ1951 ወጥቶ፣ ከእሱ በፊት የሆነውን የሚተርከው «ፕሪሉድ ቱ ፋውንዴሽን» የታተመው በ1988 ነው። በኅትመቱ ቅደም ተከተል ሂዱ። ኋላ የተጻፈው የፊተኛውን ምስጢር አንባቢው አስቀድሞ እንደሚያውቀው ቆጥሮ ያወራል።

ርዝመትን ናቅ አታድርጉ። ሁጎ ሥራዎችን በቃል ብዛት ይከፍላል፦ ከ7,500 ቃል በታች አጭር ልብ ወለድ፣ ከዚያ እስከ 17,500 ኖቬሌት፣ ከ17,500 እስከ 40,000 ኖቬላ፣ ከ40,000 ጀምሮ ሙሉ ልብ ወለድ። በእንግሊዝኛ በደቂቃ 150 ቃል የሚያነብ ልጅ 7,500ውን በ50 ደቂቃ ይጨርሳል፤ ከባሕር ዳር የተነሳ ጀልባ ዘጌ እስኪደርስ አንድ ታሪክ ያልቃል ወይም ሊያልቅ ይቃረባል። ኖቬላ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። የ120,000 ቃል ፋንታሲ ግን ከ13 ሰዓት በላይ ነው፤ ሴሚስተር መሀል ከጀመራችሁት በሦስተኛው ሳምንት የገጸ ባሕርያቱን ስም ረስታችሁ ትተዉታላችሁ። አዲስ ደራሲ የምትሞክሩት በአጭር ወይም በኖቬላ ይሁን። ክላርክስወርልድ፣ ላይትስፒድና ስትሬንጅ ሆራይዘንስ የተባሉት መጽሔቶች አጫጭር ታሪኮችን በነጻ ያስነብባሉ፤ ኦሜናና ደግሞ ከ2014 ጀምሮ የአፍሪካውያንን ሥራ ያወጣል። አንድ ታሪክ ስትወዱ የደራሲውን ስም ያዙና ወደ ረጅሙ ሥራው እለፉ። ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ፤ ጎበዝ አንባቢ ሳይቀር የሚወድቀው እዚህ ነውና። እነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሁለት ዓይነት የማታውቁት ቃል ይገጥማችኋል። አንዱ ደራሲው ራሱ የፈጠረው ነው፤ የአገር፣ የመሣሪያ፣ የማዕረግ፣ የፍጡር ስም። ብዙውን ጊዜ በትልቅ ፊደል ይጀምራል ወይም ዘንበል ባለ ፊደል ይታተማል። መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም፤ ለንደን ተወልዶ ያደገውም አንባቢ አያውቀውም። እለፉት፤ ከ20 ወይም ከ30 ገጽ በኋላ ከነገሩ አካሄድ ይገባችኋል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን የመጽሐፉን ጀርባ ገልብጡ፤ «ዱን» (1965) መጨረሻው ላይ የቃላት መፍቻ አለው፤ ይህን ሳያውቅ መቶ ገጽ የሚንገላታ ብዙ ነው። ሁለተኛው ዓይነት እውነተኛው የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ መቁጠር ያለባችሁ እሱን ነው። ደራሲዎች መግቢያውን አሳምረው ስለሚጽፉት የመጀመሪያውን ገጽ ትታችሁ 30ኛው ገጽ አካባቢ አንድ ሙሉ ገጽ አንብቡ። የማታውቁት እስከ አምስት ከሆነ ቀጥሉ። ከስድስት እስከ አሥር ከሆነ መዝገበ ቃላት አጠገባችሁ አድርጋችሁ፣ ዝግ ብላችሁ። ከአሥር ካለፈ መጽሐፉን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት፤ አሁን ብትታገሉት መጽሐፉን ትጠሉታላችሁ እንጂ እንግሊዝኛችሁ አይሻሻልም።

የስም ብዛትም ያደናቅፋል። የቻይናዊው ሊዩ ሲሺን «ዘ ስሪ ቦዲ ፕሮብለም» በእንግሊዝኛ በ2014 ወጥቶ በ2015 ሁጎን አግኝቷል፤ የሚጀምረው ግን ጠፈር ላይ ሳይሆን በቻይና የባህል አብዮት ዘመን ነው። ስሞቹ ስለሚምታቱበት እዚያው የሚተወው አለ። ሩብ ወረቀት ቅደዱ፤ ስሙን፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ሥራውን እየጻፋችሁ ገጽ ማመልከቻ አድርጉት።

ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ የቅጂ መብታቸው ያበቃ ከ70,000 በላይ መጻሕፍት በነጻ ይገኛሉ፤ የኤች ጂ ዌልስና የጁል ቬርን ሥራዎች አሉበት። ነጻ መሆናቸው ቀላል አያደርጋቸውም፤ የዌልስ «ዘ ታይም ማሽን» የ1895 እንግሊዝኛ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል። ለስልክ ስታወርዱ ኢፐብ የሚባለውን ምረጡ። ፒዲኤፍ ገጹ እንደታተመ ስለሚቆይ በትንሽ ስክሪን ላይ ግራና ቀኝ ስትጎትቱት ትውላላችሁ፤ ኢፐብ ግን ፊደሉን ባሳደጋችሁት ቁጥር ራሱን ያስተካክላል፤ ሥዕል የሌለበት ደግሞ ዳታ አይበላም። ካምፓስ ዋይፋይ ስታገኙ አራት አምስት አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ መብራትም ኔትወርክም ሲጠፋ ይነበባል። ያገለገለ የወረቀት መጽሐፍ ከመንገድ ዳር ስትገዙ ደግሞ ሦስት ነገር እዩ፦ የመጨረሻው ገጽ መኖሩን፣ ጀርባው ላይ የክፍል ቁጥር መኖር አለመኖሩን፣ ውስጡ «አብሪጅድ» ወይም «ሪቶልድ» የሚል አለመጻፉን። ይህ ካለበት ለቋንቋ ተማሪ አጥሮ የተጻፈ ነው፤ ለመለማመጃ ጥሩ ነው፣ ግን የደራሲውን ሥራ አነበብኩ አትበሉ።

ለጀማሪ ሁለት ስም ልጥራ። የንኔዲ ኦኮራፎር «ቢንቲ» (2015) ኖቬላ ነው፤ የሂምባ ሕዝብ ልጅ የሆነች የሒሳብ ሊቅ ከቤተሰቧ ተደብቃ ሌላ ፕላኔት ላይ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ትጓዛለች። ሁጎንም ኔቡላንም በኖቬላ ዘርፍ ወስዷል። ከገጠር ወጥታ ዶርም የገባች ልጅ ቢንቲን ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ሌላው የኡርሱላ ለጊን «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» (1968) ነው፤ 200 ገጽ ገደማ። ዓለሙ ሁሉ ደሴት ነው፤ አንድ የፍየል እረኛ ልጅ የነገሮችን እውነተኛ ስም በማወቅ ኃይል ያገኛል፤ በትዕቢቱም የለቀቀው ጥላ ያሳድደዋል። የጣናን ደሴቶች እያያችሁ ላደጋችሁ ይህ መጽሐፍ ቅርብ ነው።

በአማርኛ ያለው ጥቂት ነው፤ ጥቂት በመሆኑ ግን አትዝለሉት። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለውን ሥራ በ1908 ሮም ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ተወላጅ ናቸው፤ ታሪኩ ፋንታሲ ባይሆንም የጀብድና የስደት ታሪክ ነው፤ ቋንቋው ዛሬም ያስተምራል። ከቅርቦቹ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ጣናንና የጠፈር ሳይንስን በአንድ ታሪክ ያገናኘ ነው፤ «ራማቶሓራ» ይከተለዋል፤ በዚሁ ቅደም ተከተል አንብቧቸው። ትርጉም ስትገዙ የተርጓሚው ስምና የመጀመሪያው መጽሐፍ ርዕስ ውስጥ ገጹ ላይ መጻፉን እዩ፤ ሁለቱም ከሌሉ ምን ያህሉ እንደተቆረጠ ማወቂያ መንገድ የለም።

ሃምሳ ገጽ አንብባችሁ ያልያዛችሁን መጽሐፍ ዝጉት፤ ግን ደብተራችሁ ላይ የቆማችሁበትን ገጽና ምክንያቱን ጻፉ። «ቋንቋው ከበደኝ» ከሆነ ቀኑን ጨምሩና ከዓመት በኋላ መልሳችሁ ክፈቱት። «ሰዎቹ አልገቡኝም» ከሆነ የስም ወረቀት ይዛችሁ አንዴ እንደገና ሞክሩት። «ዓለሙ ጥሩ ነው፤ ምንም ነገር ግን አይሆንም» ከሆነ ደግሞ እናንተ እንቆቅልሽ ፈላጊ ናችሁ፤ ዓለም ለሚወድ ጓደኛችሁ ስጡትና እሱ ጀምሮ የተወውን ተቀበሉት።