የኬንያ የ1966 ወርቅ፦ ከየቱ ይጀመር፣ በምን ይፈተሽ?

ወንድሜ፣ «የኬንያን የ1966 ባለ 500 ሽልንግ ወርቅ ከሁለቱ ታናናሾቹ ጋር አቅርበውልኛል፤ እውነተኛነቱን በምን ልወቅ? ሦስቱንም መግዛት ባልችል ከየቱ ልጀምር?» ብለህ ነበር። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኬንያ በዲሴምበር 1963 ነፃ ወጣች፤ በ1966 የምሥራቅ አፍሪካውን ሽልንግ በራሷ ሽልንግ ተካች። ወርቆቹም በዚያው ዓመት ለጆሞ ኬንያታ 75ኛ ልደት ተብለው ወጡ። (የኬንያታ የልደት ቀን በትክክል ስለማይታወቅ 75 የሚለው ራሱ ግምት ነው።) ባለ 100ው 7.6 ግራም፣ ባለ 250ው 19፣ ባለ 500ው 38 ግራም ይመዝናል። ሦስቱም ባለ 917 ወርቅ፣ ማለትም 22 ካራት ናቸው። የተመቱት እንደ ቅደም ተከተላቸው 7,500፣ 1,000 እና 500 ነው።

ስለዚህ ከ500ው ጀምር። ሙሉ ስብስብ ከ500 በላይ ሊኖር አይችልም፤ ባለ 100ው ግን ዛሬ ቢያመልጥህ ነገ ታገኘዋለህ። ዋጋ ስትከራከር ንጹሕ ወርቁን አስላ፦ 6.97፣ 17.42 እና 34.85 ግራም። ከዚያ በላይ የምትከፍለው ለብርቅነቱና ለይዞታው ነው። ለባለ 100ው ከወርቁ ዋጋ እጥፍ የሚጠይቅህን እለፈው።

ስትፈትሽ መጀመሪያ ሳንቲሙ ላይ ስንት ሽልንግ እንደተጻፈ አንብብ። የ1966 ተራ ሽልንግም የኬንያታን ምስል ስለያዘ በወርቅ ቀለም ተለብጦ ሊቀርብልህ ይችላል። ቀጥሎ የውሃ ፈተና ነው። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ የጌጣጌጥ ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጥና ዜሮ አድርገው። ሳንቲሙን በቀጭን ናይለን ክር አንጠልጥለህ ውሃው ውስጥ አስገባ፤ ታችም ጎንም አይንካ። የሚያሳየው ቁጥር የተገፋው ውሃ ክብደት ነው። ለባለ 500ው ከ2.12 እስከ 2.17 ግራም፣ ለባለ 250ው 1.07 አካባቢ፣ ለባለ 100ው 0.43 አካባቢ መሆን አለበት። 38 ግራም የሚመዝን የተለበጠ ናስ ከ4 ግራም በላይ ያሳያል። ተንኮለኛው በክብደቱ ወርቅን የሚቀራረበው ተንግስተን የተባለው ብረት ነው፤ እሱ ወደ 1.97 ይወርዳል። በባለ 100ው ልዩነቱ ከ0.04 አይበልጥም፤ ስለዚህ በእሱ ላይ ይህን ፈተና ብቻ አትመን። የተጣበቀ የአየር አረፋ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ እውነተኛውን ሐሰተኛ፣ ተንግስተኑን ደግሞ እውነተኛ ያስመስለዋል፤ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ውሃው ላይ ጨምርና አረፋውን አራግፍ። ሻካራ ክር ፊቱን ይቧጭራል። ሳንቲሙን ሁልጊዜ በጠርዙ ያዝ።

ከዚያ ጠርዙን በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ዙሪያውን ተመልከት። ዙሪያውን የሚሄድ መስመር ወይም ጥቃቅን ቀዳዳ ካየህ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ እንጂ የተመታ አይደለም። ከኬንያታ ራስ በላይ ባለው ጠርዝ ላይ የብየዳ ምልክት ካለ የአንገት ጌጥ ሆኖ ከርሟል፤ ወርቁ እውነተኛ ቢሆንም ከወርቁ ዋጋ ብዙ አትለፍ። በመብራት ሥር ስታዘነብለው ባንድ አቅጣጫ የሚሮጡ ፀጉር መሳይ ጭረቶች ከታዩህም በጨርቅ ተወልውሏል ማለት ነው፤ ይህ አይመለስም።

ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች ግን አያስደንግጡህ፤ ከወርቁ ጋር የተደባለቀው መዳብ የሚያወጣቸው ናቸው። አረንጓዴና የሚያጣብቅ ነገር ካየህ የፒቪሲ ፕላስቲክ ኪስ ሥራ ነው። ንጹሕ አሴቶን በብርጭቆ ሳህን ቅዳና መስኮት ከፍተህ፣ ከእሳት ርቀህ ለጥቂት ደቂቃ ዘፍዝፈው። አትሸው፤ አውጥተህ በራሱ ይድረቅ። ከዚያ በኋላ ያው ኪስ ውስጥ እንዳትመልሰው፤ ማይላር (ፒቪሲ የሌለበት ጥርት ያለ ፕላስቲክ) ወይም ጠንካራ አክሪሊክ መያዣ ይሻላል።

ሻጩ «ኤንጂሲ ወይም ፒሲጂኤስ (ሳንቲም መርምረው ቁጥር ባለው መያዣ የሚያሽጉ ድርጅቶች) ያሸገው ነው፣ አይከፈትም» ካለህ ትክክል ነው፤ የታሸገ አይከፈትም። ግን መያዣውም ይጭበረበራል። በመያዣው ላይ ያለውን ቁጥር በራሱ በድርጅቱ ድረ ገጽ አስገብተህ ፎቶ ከወጣ ከእሱ ጋር አስተያይ፤ ቁጥሩ እውነተኛ ሆኖ ሳንቲሙ ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ ፊቱ ላይ ያለችን አንዲት ጭረት መርጠህ ፎቶው ላይ ፈልጋት።